ከእትዬ ሙሉ ጋር መርከብ ስንሳፈር

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ሮም

(ሰዓቱን የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።)

እትዬ ሙሉ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሁለት ሻንጣ ግራና ቀኝ አቁመው፣ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ደርበው፣ የባቡሮቹን ሰሌዳ እንደ ፈተና ውጤት ያነባሉ።

«ዘገየህ ዳኒ።»

«እትዬ፣ ባቡሩ እኮ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል።»

«ለባቡሩ ይቅረው። እኔ ከነቃሁ ቆየሁ።»

እትዬ ሙሉ የአባቴ እህት ናቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሮም ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርተዋል። የመጨረሻዎቹን ሃያ ሁለት ዓመታት ሲኞራ ፍራንካ የሚባሉ አሮጊት ሲያስታምሙ ኖሩ። ሲኞራ ባለፈው ዓመት አረፉ። ልጆቻቸው ታዲያ ለእትዬ ምስጋና ይሁን ብለው፣ በአንድ የቅንጦት መርከብ ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን የሰባት ቀን ጉዞ ገዙላቸው። ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ።

እኔ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባል መንገድ ላይ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። በዚህ ገጽ ስለ ባቡርና ስለ ከተማ ስጽፍ ታነቡኛላችሁ። ስለ ባሕር ግን ጽፌ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሮም ስኖር፣ በከተማ ባቡር የሚደረስበትን የኦስቲያን ባሕር ዳርቻ እንኳ ወርጄ አላየሁትም። ስለዚህ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። «ሌላ ሰው ይዘው ይሂዱ» አልኳቸው።

«ብቻዬን ከላክኸኝ እዚያም የሰው አልጋ ሳነጥፍ ከርሜ ነው የምመለሰው» አሉኝ። እየሳቁ አልነበረም። እሺ አልኩ።

ጠዋት 2 ሰዓት፤ ቺቪታቬኪያ

ባቡሩ ከሮም ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ባሕሩ በግራ መስኮት በኩል ብቅ ይላል። እኔ በቀኝ ተቀምጬ የሽንኩርት ማሳ፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች፣ የተዘጉ የበጋ ቤቶች እያየሁ መጣሁ። እትዬ ፊታቸውን ከመስታወቱ አላነሱም።

ከጣቢያው ወደ ወደቡ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ። ሾፌሩ ራሰ በራ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። «የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ነው?» አለ ሻንጣ እያነሳ።

«አዎ» አሉት እትዬ። «አንተስ መርከቡ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ሃያ ዓመት ሰው አደርሳለሁ ሲኞራ። ከመርከቡ በር አልፌ አላውቅም።»

እትዬ በሐዘን አዩት። «ስወጣ እነግርሃለሁ» አሉት።

አውቶቡሱ መጋዘኖቹን እንደታጠፈ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ። ቀና ብዬ ፎቆቹን ልቆጥር ሞከርኩ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ጠፋብኝ። «ይኼ ሆቴል ነው?» አሉኝ እትዬ። መርከባችን ነበር።

5 ሰዓት፤ ፍተሻ

ሰልፉ ረጅም ነው፤ ኮፍያ ያደረጉ ጀርመኖች፣ ሙሽሮች፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ ሽማግሌ። የእትዬ ትልቁ ሻንጣ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ቀበቶው ቆመ። ፈታሿ ሻንጣውን ከፍታ ከልብሶቹ መሐል አንድ ካውያ አወጣች።

«ሲኞራ፣ ይኼ ክልክል ነው። እሳት እንዳያስነሳ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ይመለስልዎታል።»

«ነጠላዬንስ ማን ይተኩስልኛል?»

«እኛ እንተኩስልዎታለን።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

ጣልያንኛ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። «ሰምተዋል እኮ እትዬ።»

«ሰምቻለሁ። ደግማ ብትለው ብዬ ነው።»

ሰነድ የሚያየው ልጅ ፔርሜሶዬን ተቀብሎ አገላበጠ፤ ወደ ኮምፒውተሩ አየ፤ እንደገና አገላበጠ። ጊዜው ያላለፈ፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት ነው። ቢሆንም እንዲህ ሲገላበጥ እጁን እጁን አያለሁ። «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው» ብሎ መለሰልኝ።

7 ሰዓት፤ ካቢን

ስምንተኛ ፎቅ። ሁለት አልጋ፣ ትንሽ በረንዳ፣ በፎጣ የተሠራ ዝሆን፣ እግር የሚሰምጥበት ምንጣፍ። እትዬ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጣታቸውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አሳለፉ፤ ጣታቸውን አዩት። «ያጸዳችው ታውቅበታለች» አሉ።

ወዲያው ደግሞ የአልጋውን ልብስ ጫፍ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። በዚሁ መሐል በሩ ተንኳኳና የካቢናችን ሠራተኛ ገባች፤ የፔሩ ሰው ናት፤ ስሟ ሮዛ።

«ይተዉት ሲኞራ! የእርስዎ ሥራ ዛሬ መተኛት ነው።»

«ስንት ክፍል አለሽ?» አሉ እትዬ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«አሥራ ስምንት።»

«በቀን?»

«ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ።»

እትዬ የያዙትን አንሶላ ለቀቁ። ቀስ ብለው አልጋው ላይ ተቀመጡ። «አሎራ፣ እንግዲያው የእኛን መጨረሻ ላይ አድርጊው። እኛ አንቸኩልም» አሏት። ሮዛ ሳቀች፤ ስትወጣ ግን ዞር ብላ በደንብ አየቻቸው።

ምሳው አዳራሽ ሙሉ ነው። ሙሉ ዓሣ ከነራሱ፣ እንደ አበባ የተቀረጸ ሐብሐብ፣ ለአይብ ብቻ የተለየ ጠረጴዛ። እትዬ ሩዝና ቲማቲም አነሱ። ማንም እንደማይቆጣጠር ሲያረጋግጡ ተመለሱና ዓሣ አነሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ፣ «አትጻፈው» አሉኝ።

10 ሰዓት፤ ልምምድ

መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ሰው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ያደርጋል። ጥሩምባው ጮኸ፤ በየፎቃችን ተሰልፈን ብርቱካናማውን የሕይወት አድን ሰደሪያ አጠለቅን። ሰዉ ይሳሳቃል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ ማሰሪያውን ሳላስር ቆሜያለሁ።

አሁን ልንገራችሁ። እኔ ጣልያን የገባሁት በዚሁ ባሕር ነው፤ ከሊቢያ፣ በፕላስቲክ ጀልባ፣ ከስድሳ ያህል ሰው ጋር። በሁለተኛው ቀን ሲመሽ ከሩቅ መብራት አየን። ከተማ መስሎን እልል ያሉ ነበሩ። ከተማው ግን ይንቀሳቀሳል። እንደዚህ ያለ መርከብ ነበር። ሸሚዛችንን አውልቀን አውለበለብን፤ ጮኽን። አልፎን ሄደ። እሺ ብዬ የመጣሁት ለእትዬ ብቻ ብዬ አይደለም። አይተው ይሆን ትተውን የሄዱት ወይስ ሳያዩን ቀርተው? ይህንን ለማወቅ ነው።

ልምምዱን የሚመሩት ሽበታም መኮንን አጠገቤ ሲደርሱ ጠየቅኋቸው። «ከዚህ ላይ ሆኖ ትንሽ ጀልባ ይታያል?»

ወደ ባሕሩ ዞሩ። «ቀን፣ ባሕሩ ጸጥ ካለ አዎ። ሲመሽ፣ መብራት ከሌላት… ብዙ ጊዜ አትታይም። ራዳሩም ይስታል።» ከዚያ ፊቴን አዩ። «ስንቷን ሳናያት አልፈን ይሆን እያልኩ አስባለሁ» አሉኝ።

ለምን እንደጠየቅኋቸው አልጠየቁኝም። እትዬ ግን ሰምተዋል። መጥተው ማሰሪያዬን አሰሩልኝ።

12 ሰዓት፤ ጉዞ

ግድግዳ የሚያህለው መርከባችን ከወደቡ ሲላቀቅ ድምፅ የለውም፤ ሰው ሳያስተውለው መሬቱ ይርቃል። ካቢን ገብቼ መጋረጃ ልዘጋ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ላይኛው ሰገነት ላይ ቀረሁ። አንዲት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ በጎናችን አለፈች። ሁለት ሰዎች ነበሩባት፤ አንዱ እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። እስክትጠፋብኝ በዓይኔ ተከተልኳት። ቶሎ ነው የጠፋችው፣ ገና ብርሃን እያለ።

«ስንት ቀን ነበር?» አሉኝ እትዬ።

አሥራ አራት ዓመት ጠይቀውኝ አያውቁም። «ሦስት። በሦስተኛው ቀን የነፍስ አድን መርከብ አነሳን።»

«ሁላችሁንም?»

«አራት ሲቀሩ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ከዚያ ስትደውልልኝ በልተሃል ወይ ብቻ ነበር ያልኩህ» አሉ።

«እሱም ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ አልበላሁም ነበር።»

«ሌላውን ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁህ።» ከዚያ፣ «የት ነው ያወረዷችሁ?»

«መሲና። ነገ ጠዋት የምንደርስበት።»

«ታሳየኛለህ።»

እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ መሲና

የሲሲሊ ተራሮች ቡናማ ናቸው፤ ከተማው ከሥራቸው ተደርድሯል። ሌላው እንግዳ ወደ ጉብኝት አውቶቡሶች ሲሄድ እኛ ወደቡን ይዘን በእግር ሄድን። እትዬን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሁለቴ ቆመን አረፍን። ያኔ ድንኳን፣ አምቡላንስና ብርድ ልብስ የነበረበት ቦታ አሁን መኪና ቆሞበታል። ግራጫውን መጋዘን ግን አወቅሁት።

«እዚህ ነው?»

«ይመስለኛል እትዬ።»

አካባቢውን በሙሉ አዩት፤ ውኃውን፣ የብረት ምሰሶዎቹን፣ አስፋልቱን። ጎንበስ ብለው መሬቱን ነክተው እጃቸውን ሳሙ። ከዚያ ቀና አሉና፣ «ያኔ መጥቼ ልቀበልህ ይገባኝ ነበር» አሉኝ።

ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ አንገቴን አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ።

«እንኳን በደህና መጣህ ልጄ።»