አደራ ተቀባይ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ

ንጋት 12፡15፣ ደሴ

የታኅሣሥ ብርድ ደሴ ላይ ቀልድ አያውቅም። ከሆጤ ሰፈር ተነስቼ መናኸሪያው በባጃጅ እስክደርስ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ኮምቦልቻ የምወርደው አዲሱን የባቡር መስመር አይቼ ልጽፍላችሁ ነው። ሚኒባሷ ጢም ብላለች፤ ረዳቱ ግን አሁንም "አንድ ሰው የቀረው" እያለ ይጣራል።

አጠገቤ ከኩታበር የመጡት አቶ ይማምና ልጃቸው ዘሀራ ተቀምጠዋል። ዘሀራ አዲሱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ተቀጥራ ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትጀምራለች። መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ካገደ ወዲህ ጓደኞቿ በጀልባ ሄደዋል። እሷም ቁርጧን ተናግራለች፤ እዚህ ካልሆነላት እነሱን ትከተላለች።

1፡00፣ ሐረጎ

ቁልቁለቱን እየተጠማዘዝን እንወርዳለን። ሬዲዮው የገዢው ግንባር ስብሰባ ዛሬም እንደቀጠለ ያወራል። ሾፌሩ "ሲያልቅ ቀስቅሱኝ" አለ። መሪ የጨበጠ ሰው፣ ያውም ሐረጎ ላይ፣ ስለ እንቅልፍ ባያነሳ ደስ ይለኛል።

አቶ ይማም አልሳቁም። የመጡት የፋብሪካውን ባለቤት አግኝተው ልጃቸውን በአደራ ሊያስረክቡ ነው። አደራ የሚቀበል ሰው ከጠፋ ይዘዋት ይመለሳሉ። ባለቤቱ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ኮምቦልቻን አይቷት ላያውቅም ይችላል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

"ልጄን የሚያሠራት ከሆነማ የትም አይጠፋ" አሉኝ። ዘሀራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

1፡45፣ የፓርኩ በር

ባቡሩ እንደሆነ አያመልጠኝም ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐዲዱ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪክ እየጠበቀ ነው አሉ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው እንደማይገባ ነገራቸው። ባለቤቱ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። አቶ ይማም ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው አንተው ተቀበለኝ አሉት።

እሺ ብሎ ቢሸኛቸው ማንም አይጠይቀውም ነበር። ሰውየው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። "አባባ፣ እኔ የሦስት ወር ኮንትራት ነኝ። ከዚያ ወዲያ የት እንደምሆን አላውቅም። ወላሂ፣ የማልጠብቀውን አደራ አልቀበልዎትም።"

ሴቶቹ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እየሮጡ ይገባሉ። እኔ ልቀበል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ማታ ደሴ ተመላሽ መሆኔ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። አፈርኩ።

አቶ ይማም የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። "ተቀባይ አጣሁልሽ፣ ዘሀራ። እንግዲህ አንቺኑ ለአንቺ አደራ ሰጥቻለሁ።"

እጃቸውን ስማ እየሮጠች ገባች።

11፡20፣ መመለሻ

ሐዲዱን አየሁት። ያማረ ነው፤ እስካሁን የተጠቀሙበት ግን ፍየሎች ብቻ ናቸው።

ወደ መናኸሪያ ስመለስ በፓርኩ በር በኩል አለፍኩ። አቶ ይማም አልሄዱም። ስትወጣ ሳላያት አልነቃነቅም እንዳሉ ጥበቃው በሹክሹክታ ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለዋለ እግሩን ያፍታታል። በእሱ ወንበር ላይ አቶ ይማም ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በሩን እየጠበቁ ተቀምጠዋል።