አላውቀውም ያልኩት የእጄ ሥራ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነግሬያቸዋለሁ። መጠጡን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ። ይህን ግን በየዓመቱ እዘለዋለሁ። ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። አሁን መሸከሙ ደክሞኛል፤ እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ማርቆስ የሚባል አናጺ ጎረቤትም ጓደኛም ነበረኝ። ጴንጤ ስለነበር ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙር የሚሰማው በሩን ዘግቶ በቴፕ ነበር። አንድ ቀን "ድምፁ ተደበላልቆ ጆሮዬን በላው፤ አንተ መላ አታጣለትም" አለኝ። እሱ ከዋንዛ ሁለት ሳጥን ሠራ፤ አንዱ ለትልቁ እስፒከር፣ አንዱ ለትንሹ። እኔ ክሮስኦቨሩን ሠራሁ፤ ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሹ ለይቶ የሚሰጥ ሰርኪት ነው። ከተበላሹ ሬዲዮኖች ትራንዚስተር እየነቀልኩ ስንት ቅዳሜ በየድኩት። ሽፋን አልነበረውም፤ ሽቦው ሁሉ ተንዘርፍፏል። የከፈትነው ቀን ማርቆስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። "ስማው፣ ጊታሩ ለብቻው ወጣ!"

ብዙም ሳይቆይ አሰሳ ሆነ። አብዮት ጠባቂዎች ቤቱን ሲበረብሩ ያንን የሽቦ ጉድ አገኙ። ሰውየው ጴንጤ፣ ዕቃው ምንነቱ የማይታወቅ፤ ለመጠርጠር ሌላ ምን ያስፈልጋል? መልእክት ማስተላለፊያ ነው አሉ። ሙያ ያለው ሰው ይየው ተባለና ከሱቄ ጠርተው ቀበሌ ወሰዱኝ።

ማርቆስ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ "ጓድ፣ ይህ ምንድን ነው?" አለኝ።

እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ድምፅ መለያ ነው፣ ቴፑን አምጡና ላሰማችሁ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የራሴን ብየዳ እያየሁ "አላውቀውም" አልኩ። "እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ።"

ፈርቼ ነው። ግን ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? ማርቆስስ አልፈራም? ማን እንደሠራው ሲጠይቁት ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር "እኔ ነኝ" አላቸው። እያየሁት ወሰዱት።

በማግስቱ ሚስቱ አስቴር ሆዷ ገፍቶ ሱቄ መጣች። "ጋሼ ታደሰ፣ የሠሩት እርስዎ ነዎት። የመዝሙር መስሚያ ነው ብለው ይንገሩልኝ፤ እርስዎን ይሰማሉ።"

"ነግሬያቸዋለሁ፤ አላመኑኝም" አልኳት። አፌ አልተያዘም። ይባስ ብዬ "አንቺ ደግሞ ስሜን አታንሺ፤ ለእሱም ይብስበታል" አልኳት። እሷም ራሴን ለባሏ አሳልፌ የሰጠሁ መስሏት መርቃኝ ሄደች። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ። አላውቀውም ማለቱ የፍርሃት ነው እንበል፤ ይህኛውስ የምን ነበር?

ማርቆስ የተፈታው በሌለበት የተወለደው ልጁ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ጣቶቹ መላጊያ መጨበጥ ተስኗቸው ነበር። አስቴር ምሳ ጠራችኝ። ገበታው ላይ "ጋሼ ታደሰ እኮ ቀበሌ ድረስ ገብተው ተሟግተውልሃል" አለችው።

ማርቆስ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። አየኝ።

"አውቃለሁ" አላት። ቀጥሎም ለእኔ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ታዴ።"

ለእሷ ብሎ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በላሁ። አዎ፣ እጄን ሰድጄ በላሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ማርቆስ ከሞተ ቆየ። አስቴር አሁን እዚሁ ከተማ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልጇ ዘንድ ትኖራለች። ለልጇ ሽምግልና ሲላክ ያስመራችው እኔን ነው። "የባሌ ባለውለታ" እያለች ለሰው ታስተዋውቀኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። በዚህ ዕድሜዋ ልቧን ላለመስበር ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸቴን ነው። መከበሩን ወድጄው ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችል እሷ ናት፤ ለእሷ ደግሞ አልነገርኳትም።