በነሐሴ የሚታይ ጎተራ

አባቴ የጎተራቸውን ነገር ለሁለት ዓይነት ሰው በሁለት ዓይነት አፍ ነበር የሚያወሩት። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ስለ ምርቱ ሊጠይቅ ብቅ ሲል፣ አዝመራው በገባ ማግስት እንኳ ቢሆን፣ «ምን እህል አለና ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ውርጩ ጨረሰን» ይሉታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በነሐሴ፣ አይጧ ሳትቀር ተስፋ ቆርጣ ጎተራውን ለቃ በወጣችበት ወር፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ሙሉ ነው፣ ሞልቶ ተርፎ» ይላሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እኛ አገር ሲጠግብም ሲርበውም አልሃምዱሊላህ የማይል የለም። እናቴ በሕይወት ሳለች ከኋላቸው ቆማ ቀስ ብላ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ትል ነበር።

ይህ ጠባያቸው የልጄን መድኃኒት ሊያሳጣን ነበር። ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። ያኔ ግን እኔ አልሳቅሁም።

ልጄ አራተኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ በፊት ሆዷን እያመማት፣ ደም እያስቀመጣት፣ ልብሷን በየወሩ እያጠበብኩላት ነበር የከረምነው። ጠበሉም ተሞከረ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ተሞከረ። በመጨረሻ አዲስ አበባ የሕፃናት የአንጀት ሐኪም የሆነች ሴት ዘንድ ደረስን። «የአንጀት ብግነት ነው፤ ሰውነቷ የገዛ አንጀቷን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያቆስለዋል» አለችን። ያዘዘችላት ባዮሎጂክ የሚሉትን ዓይነት መድኃኒት ነው፤ እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጭን ላይ ተደግፎ ጠቅ የሚደረግ። ልጄ ወዲያው ለመደችው፣ ራሷ ናት ጠቅ የምታደርገው። እሱን የሚያገኝልን ግን እኛ አካባቢ አልነበረም። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ታናሽ እህት አለችኝ፤ አሠሪዋ ፋርማሲ ስላላት እሷ እያገኘች፣ ወደ አገር ለሚገባ ሰው በበረዶ ጠቅልላ ትልክልኝ ጀመር።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ከጎኔ ለስላሳ የሚሸጥ ጎረቤቴ መርፌዎቹን ፍሪጁ ውስጥ ከጠርሙሶቹ ኋላ ያስቀምጥልኛል። መብራት የጠፋ ቀን ያ ፍሪጅ ወላሂ አይከፈትም። የደረቀ ጉሮሮ ይዞ ቀዝቃዛ ለሚለምነው ገበያተኛ «የጎረቤቴ ልጅ መድኃኒት ይሞቅብኛል» ይልና ከሳጥን ያወጣ ሙቅ ለስላሳ ይሸጥለታል። በዚህ ሰበብ የልጄን አንጀት የማያውቅ ገበያተኛ ጠፋ። አባቴ ይህን ሲሰሙ አንድ ሳምንት አኮረፉ። «ገመናችንን ከለስላሳ ጋር ቸረቸራችሁት» አሉ።

መድኃኒቱ ግን ሠራ። ልጄ ወፈረች፣ ገመድ ዝላይ ላይ ማንም አልቻላት አለ፣ ከክፍሏም አንደኛ ወጣች። እኔም ልብሷን መተርተርና ማስፋት ጀመርኩ። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው እንግዲህ ሕመሙ እንደገና ብቅ ያለው። መርፌዋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሆዷን ይዛ ትታጠፋለች፣ ስትወጋ ቀለል ይላታል።

ወደ ሐኪሟ ተመለስን። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አንድም ጊዜ ለዚህ ደርሶ አያውቅም፤ አብረውን የሚሄዱት አባቴ ናቸው። የተቀደደው የጋቢያቸው ጎን ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ተጠቅልለው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ወይ መድኃኒቱ ቀኑ ሳይደርስ ከደሟ እያለቀ ነው፤ ይህ ከሆነ ቶሎ ቶሎ እንሰጣታለን። ወይ ደግሞ ደሟ ውስጥ ሞልቶ እያለ አልሠራ ብሏል። ያን ጊዜ እሱን ማቆምና ሌላ መፈለግ ነው።»

ሐኪሟ ቀደም ሲል ስሙን የጠቀሰችልኝን ያን ሌላ መድኃኒት እህቴን አስጠይቄያት ነበር። የአሠሪዋ ፋርማሲ ውስጥም አልነበረም። ስለዚህ ይህ መድኃኒት ቆመ ማለት ልጄ ወደዚያ ወደ ከሳችበት ዘመን ተመለሰች ማለት ነው።

«የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ደሟ ነው» አለች ሐኪሟ። «የሚቀዳው ግን የሚቀጥለውን መርፌ ልትወጋ ስትል፣ ሳትወጋ ነው።»

«ለምን?» አሉ አባቴ። «መድኃኒቱ ጥርግ ብሎ ሲያልቅ?»

ሐኪሟ ገበሬ መሆናቸውን ታውቃለች። «አባቴ፣ ጎተራዎ ለአዲሱ አዝመራ ያደርስ እንደሆነ ለማወቅ በጥር ነው የሚያዩት በነሐሴ?»

«በነሐሴ ነዋ።»

«እኔም በነሐሴ ልየው ነው የምልዎት።»

ምን ያለች ብልህ ናት ብዬ ደስ አለኝ። አባቴ ግን ከዚያ ጀምሮ መካነ ሰላም እስክንገባ የተቀደደውን የጋቢያቸውን ጎን እየደጋገሙ ወደ ውስጥ ሲያጥፉ ነበር። ለእሳቸው ያቺ ሴት ምን ብላ እንደጠየቀቻቸው ለእኔ የገባኝ በኋላ ነው። የሰው ጎተራ በነሐሴ ልይ የሚል እንግዳ ዕድሜ ልካቸውን ገጥሟቸው አያውቅም።

የመርፌዋ ቀን ሲደርስ የበረዶ ሳጥናችንን ይዘን ተነሣን። ደሴ አደርን። ማለዳ እነሱን አልጋ ቤት ትቼ ትኬት ልቆርጥ መናኸሪያ ሄድኩ። ስመለስ ሁለቱም ለብሰው፣ ታጥበው፣ ጎን ለጎን አልጋው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ልጄ ጭኗን ታሻለች። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ቁንጫ» አለችኝ። የደሴ አልጋ ቤት ነው፣ አመንኳት።

በማግሥቱ አዲስ አበባ ነርሷ ደሙን ቀዳች። ሐኪሟ «የመጨረሻውን መርፌ መቼ ወሰደች?» ስትል እኔ «ሁለት ሳምንቷ ነው» አልኩ። ልጄ አያቷን አየች። አያቷ ጣሪያውን አዩ።

«ጥሩ» አለች ሐኪሟ። «እንግዲህ መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ እንዳልኳችሁ መድኃኒቱን እናቆመዋለን።»

አባቴ ተነሥተው ቆሙ። «ዶክተር፣ ይህ ደም ይደፋ» አሉ።

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ጎተራው ትናንት ደሴ ላይ ተሞልቷል። ያስሞላሁት እኔ ነኝ።»

የበረዶ ሳጥኑን ከፈትኩት። መርፌው የለም። ልጄ ማልቀስ ጀመረች፤ «አያቴ ናቸው ባዶሽን ሰው ፊት አትቀርቢም ያሉኝ። እኔም ጥሩ ውጤት ላምጣ ብዬ ነው» አለች። አንደኛ መውጣት የለመደች ልጅ ናት፣ በደሟም ዝቅተኛ ማምጣት አልፈለገችም።

እኔ ደሜ ፈላ። አባቴ ባይሆኑ ያን ሳጥን ከነበረዶው ራሳቸው ላይ እደፋው ነበር። «አንቱ ሰውዬ፣ ልጄን ሊገድሏት ነው» ብዬ ጮህኩ። የገዛ አባቴን አንቱ ሰውዬ። ነርሷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ አባቴ?» አለቻቸው።

«ይባላል» አሉ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው። «እሱ ስለ በሽታ ነው እንጂ። ስለ ጎተራ የተባለ አልሰማሁም።»

ያን ሁሉ መንገድ ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሚቀጥለው ዙር፣ ነሐሴ ገብቶ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰዓት፣ እንደገና ሄድን። በዚህኛው ጉዞ አባቴ የበረዶ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጭነውበት፣ እኔን እንኳ ሲያስጠጉኝ በግድ ነው። ሐኪሟ በር ላይ ስትታይ ሰላም ሳይሉ «ባዶ ናት ዶክተር፣ ጥርግ ያለች ባዶ ናት» አሏት። እንዲህ ያለ ኩራት ፊታቸው ላይ ያየሁት በሠርጌ ቀን ብቻ ነው።

ደሙ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሐኪሟ ስትደውል ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። መድኃኒቱ ከቀኑ በፊት ከደሟ ሙልጭ ብሎ እያለቀ ነው አለችኝ፤ ሰውነቷ ግን አልጠላውም፣ በየሳምንቱ ከወሰደች ይሠራላታል። የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የደንበኛዬ ቀሚስ ራሰ።

ዕንባዬ ሳይደርቅ ሌላው ሐሳብ መጣ። በየሳምንቱ ማለት እጥፍ ነው። እህቴን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

እህቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አባቴም ከገጠር መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። እሷ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አባዬ፣ የጎደለ ነገር አለ?» የሳቸውም መልስ አንድ ነው፤ «አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉ ሙሉ ነው፣ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ።» የመድኃኒቱን ነገር ሁሌም የምነግራት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ከወጡ በኋላ።

ያን እሑድም ጠየቀች። እኔ ስልኩን ላነሣ እጄን ስዘረጋ አባቴ እጄን ያዙት።

«ጎድሏል ልጄ» አሉ።

እጄን ሳይለቁ ቀጠሉ።

«የልጅቷ መርፌ በየሳምንቱ ሆነ። ከየት እንደምናመጣው አላውቅም። ጎተራውም ባዶ ነው። አምናም በዚህ ወር ባዶ ነበር፣ ካቻምናም። ስዋሽሽ ነው የኖርኩት።»

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ የእህቴ ልቅሶ ተሰማ።

«ምነው ልጄ፣ ከበደሽ?» አሉ።

«አይደለም አባዬ። ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ላኪልኝ ብለውኝ አያውቁም እኮ። አባዬ እኔን አይፈልጉኝም ብዬ ነበር እዚህ የምኖረው።»

አባቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። «መርፌው ስንት እንደሆነ አንቺ ንገሪያት» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ እየነገርኳት ሳለ እንደገና ዞሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ጋቢዬም ተቀዷል» አሉ።