ከቡዳፔስት ሮም የአንድ ሰዓት መንገድ

በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ኮልፌ በቀበሌያችን አዳራሽ ትልልቅ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ከተማሪዎቼ አንዷ ፈትል እየሸጡ ብቻቸውን ልጅ ያሳደጉ የጎጃም ሴት ነበሩ። ያ አንድ ልጃቸው መንግሥት ልኮት ሀንጋሪ፣ ቡዳፔስት ከተማ ይማር ነበር።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ቀሩና ከመቀነታቸው ደብዳቤ አወጡ። አነበብኩላቸው። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሮም ገብቷል፤ አልመለስም ይላል።

«ከነበረበት ምን ያህል ይርቃል?» አሉኝ።

ግድግዳው ላይ የአውሮፓ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። ከፈትላቸው አንድ ክር በጠሱልኝ። ከቡዳፔስት እስከ ሮም ወጥሬ በማስመሪያ ስለካው አራት ሳንቲሜትር ሆነ። በዚያ ካርታ አንዷ ሳንቲሜትር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ናት፤ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አውሮፕላን በሰዓት ይህንኑ ያህል እንደሚበር ነገርኳቸው።

«አንድ ሰዓት ነው በዪኛ» አሉ። «እኔ በእግሬ አየር ጤና ለመድረስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል።»

ወሬው ቀበሌ ደርሶ ኖሯል። ልጃቸውን በሕዝብ ፊት እንዲያወግዙ ለእሁድ ስብሰባ ተጠሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ።

«በአፍዎ ብቻ ይበሉትና ይለፍ» ብዬ መከርኳቸው።

እንዝርቱን አስቀምጠው አዩኝ። «በአፌ አይደለም የወለድኩት» አሉ። ያን መምከሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ አዳራሹ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔም ከሕዝቡ መሃል ነበርኩ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

«እናቴ፣ ልጅዎ አብዮቱን ክዶ መኮብለሉን ያውቃሉ?» አላቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

ተነሡ። «ልጄ የሄደው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ በአውሮፕላን። በክር ለክቼዋለሁ። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ስለራቀ ልጄ መሆኑ አይቀርም። አላወግዘውም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ በሳል አሳበበ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

እሳቸው ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። ስሜን ያልጠሩት ለእኔ ብለው እንደሆነ ገባኝ። ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ካርታው የቀበሌው ነው፤ ስሌቱም ልክ ነው።»

ሁለት ቀን ቀበሌ ታስሬ ወጣሁ፤ ከማስተማርም ታገድኩ። የእሳቸውም የራሽን ስኳርና ሳሙና ለወራት ተከለከለ። ፈትል የሚገዟቸው ሸማኔዎች ግን ካላቸው ላይ እየቆነጠሩ ይሰጧቸው ነበር።

በታገድኩ በሳምንቱ በራችን ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፤ ደብተርና እርሳስ ይዘዋል።

«የታገድሽው ከአዳራሹ ነው» አሉኝ። «እዚህ ማን ይከለክልሻል?»

በእኛ ጓዳ ቀጠልን። ክረምቱ ሲወጣ ለልጃቸው በገዛ እጃቸው ጻፉ። «አላወገዝኩህም። ብርድ ልብስ ግዛ» ይላል። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ላርም ስል እጄን ያዙኝ።

ፖስታ ቤት ድረስ ሸኘኋቸው። «ከፍተው ያነቡታል እኮ» አልኳቸው።

«ያንብቡታ» አሉ። «ይነበባል እንዴ ጽሕፈቴ?»

«ይነበባል» አልኳቸው።