የኢየሉጣ እጆች

አባቴ ገብረዋህድ አናጢ ነበር። በጣሊያን ዘመን ግን የሰፈሩ ሰው «ወረቀት ለቃሚው» ይለው ነበር። ሌላው ጨውና ዱቄት ፍለጋ ሲንከራተት፣ እሱ ሥጋ ሻጮችና በርበሬ ነጋዴዎች ዘንድ እየዞረ ሥጋውንም በርበሬውንም ትቶ የተጠቀለሉበትን ወረቀት ያያል። አብዷል ያሉም ነበሩ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም እንጂ ብኖር መልስ አላጣላቸውም ነበር። በዚያ ዘመን እብድ የሚፈልግ ሰው ጠመንጃ ይዘው መንገድ ላይ የሚንጎራደዱትን ቢያይ ይበቃው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከጣሊያን በፊት ነው። ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው ዳገት ላይ ሙሴ ኸርማን የሚባል ጀርመናዊ የቆዳ ነጋዴ ይኖር ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያገኘውን የሚጨርሰው የአንድ ያገሩን ሰው ሥዕሎች በመሰብሰብ ነው። ሥዕሎቹ በብሩሽ የተሠሩ አይደሉም። ሰዓሊው መዳብ ላይ በመርፌ ይጭራል፤ የተጫረውን አሲድ ይበላዋል፤ ከዚያ ቀለም ገብቶበት ወረቀት ላይ ይታተማል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ሰውየው ጥቂት ካተመ በኋላ መዳቡን ፍቆ ያጠፋው ስለነበር ሁለተኛ ማተም አይቻልም። ሙሴ ኸርማን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ሰውየው ሞቷል፣ መዳቡም ተፍቋል» ይል ነበር። ለሥዕሎቹ ፍሬም የሚሠራለት አባቴ ነው።

እናቴ መነን አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት ወደዚያ ቤት ሄደች። የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ወንድሜን ታዲዎስን፣ አዝላው ነበር። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በተራ ተሰቅለዋል፤ አንድ ታሪክ ናቸው። አንዲት ሴት ልጅ ይዛ በባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ማዕበል ይነሣል፤ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ልጁን አቅፋ ትታያለች፤ ከበላያቸው ፊቱን በክንፉ የሸፈነ ክንፋም አለ። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። እሷ ያየችው የሚፈላ ውሃ ነው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችው ሥዕል ነው፤ ኢየሉጣና ሕፃኑ ቂርቆስ ወደሚፈላው ጋን ሲወረወሩ፣ ገብርኤልም ወርዶ ሲያቀዘቅዝላቸው። ፈረንጆችም ኢየሉጣን ያውቋታል ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አባቴ ያለችውን ለሙሴ ኸርማን ነገረው። ሰውየው ሳያርማት ቀረ። ደግ ሰው ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ዕለት ቢያርማት ይሻል ነበር እላለሁ። እናቴ መጨረሻቸውን ማየት ፈለገች። የመጨረሻዋ ሥዕል ግን አልተሰቀለችም፤ ሙሴ ኸርማን በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጣት። ሌላ ቀን አሳይሻለሁ አላት። ሌላ ቀን አልመጣም።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሙሴ ኸርማን ቤቱን ለአባቴ አደራ ብሎ ወደ አገሩ ሄደ። ንጉሡ ወጥተው ጣሊያን ሳይገባ በነበሩት የዘረፋ ቀናት አደራውም ቤቱም አንድ ላይ ሄዱ። ፍሬሞቹ ማገዶ ሆኑ፤ መስታወቱን ለመስኮት፣ ወረቀቱን ለመጠቅለያ ወሰዱት። አባቴ ያኔ ብዙም አላዘነም። አገር ሲጠፋ ስለ ወረቀት ማን ያዝናል?

ከዚያ የካቲት ዐሥራ ሁለት መጣ። አባቴ ሥራ ላይ እንዳለ ከሌሎች ወንዶች ጋር ታፍሶ ታሰረ። እናቴ ቤት ነበረች፤ ቤታቸው ከዳገቱ በታች፣ ወደ ቂርቆስ ሲወረድ ነው። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት የሣር ጣራዎቹን ሲለኩሱ የታዲዎስን እጅ ይዛ ወጣች። መንገዱ ጭስ ነው፤ ሰው ሰውን ይረግጣል። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ የልጁ እጅ በእጇ ውስጥ የለም። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ልትመለስ ስትል ሰዎች ጎትተው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስገቧት።

አባቴ ሲፈታ ያገኘው ዐመድ ነው። ልጁን በየሆስፒታሉ፣ በየገደሉ፣ ሬሳ ተከምሮበታል በተባለበት ሁሉ ፈለገው። አጣው። እናቴ አንድ ቃል ብቻ ነበራት፤ «ለቀቅኩት» ትላለች። ቀጥሎ ያቺንም ቃል ተወቻት። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ቢላት ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። ሬሳውን ሳታይ እርሟን አታወጣም። አባቴ በተቃጠለው ቦታ ላይ ቤት መልሶ ሠራ፤ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ምግብ ሲሰጧት ትበላለች፣ ካልሰጧት አትጠይቅም።

እንዲህ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ጀሚላ ሽሮ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችላቸው። እናቴ ወረቀቱን ስትፈታው ሴትየዋ፣ ልጁና የሚፈላው ውሃ ወጡ። በእጇ አስተካከለችው፣ ሽሮውን አራገፈችለት፤ ከዚያ አባቴን ጠርታ ኢየሉጣ መሆኗን ነገረችው። የሙሴን ሥዕሎች እንዲፈልግላት፣ በተለይ መጨረሻዋን እንዲያመጣላት ለመነችው። በገድሉ እናትና ልጅ እንደሚወጡ ማንም ያውቃል። እሷ ግን ፈረንጁ አብረው አውጥቷቸው እንደሆነ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሁለቱ አብረው ከወጡ ታዲዎስም ከዚያ እሳት ወጥቷል። ያዘነ ሆድ የሚያስበው እንዲህ ነው፤ ማን ይፈርዳል?

አባቴ ወረቀት ለቃሚ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ጀሚላ ከቅርጫቷ ሥር ያነጠፈችውን አንድ ሰጠችው። አንዱን ከተሰበረ መስኮት ላይ ነቀለ፤ በምትኩ ጣውላ መታበት። አንዱ ለሁለት ተቀዶ ግማሹ በአንድ ቤት፣ ግማሹ በሌላ ቤት ተገኘ። የሚከፍለው በእጁ ሥራ ነው፤ ለዚህ በር፣ ለዚያ አግዳሚ ይሠራል። ጮማ የነካውን ወረቀት በአንድ ጭብጥ ዱቄት እያሸ ስቡን ያስለቅቀዋል፤ ጎረቤቱ የተራገመው በዚያ ዱቄት ምክንያት ነው፣ እውነታቸውንም ነው። ከዚያ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጎ ድንጋይ ይጭንበታል። መጀመሪያ የሚለቅመው ለእሷ ብሎ ነበር። እየቆየ ግን እያንዳንዷን ጭረት ለየ፤ ሥራ ሲፈታ ሥዕሎቹን ዘርግቶ ልጁን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ጀሚላ አይታዋለች። እሱም ልጅ ሞቶበታል፤ እሱን ግን ማንም አላጽናናውም።

ብዙዎቹ ወረቀቶች የተገኙት ደጋጋ ዘንድ ነው። ደጋጋ ዛሬ ቄራ በምንለው በኩል ሥጋ ይሸጥ የነበረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ቅቤ የሆነ ሰውዬ ነበር። ያለውን ሁሉ ሰጥቶ፣ አባቴ መጨረሻዋን ሥዕል ሲጠይቀው ግን ፊቱን አዙሮ የለኝም ይላል። አንድ ቀን የቤቱ በር ወልቆ አባቴን አስጠራው። አባቴ በሩን ገጥሞ ዘወር ሲል፣ ግድግዳው ላይ ፊቱ ወደ ጭቃው ዞሮ በምስማር የተመታ ወረቀት አየ። ደጋጋ እጁን ያዘው።

«ተው ገብሬ። ሥጋ ልጠቀልልበት አልቻልኩም፤ ለመነንም ልሰጣት አልቻልኩም» አለው።

አባቴ ምስማሩን ነቀለ። ውሃው ጸጥ ብሏል። ሴትየዋ ዳር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊት ነው የምታየው፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ይታያሉ። ልጅ የለም። ከኋላዋ ክንፋሙ አንድ ነገር ታቅፎ እየሄደ ነው፤ ክንፉን ዝቅ አድርጎ አሁን ፊቱ በጎን ይታያል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሠዓሊዎቻችን ጻድቅን በሁለት ዓይን ነው የሚሥሉት፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። ለካ ክንፋሙ ከመጀመሪያው ገብርኤል አልነበረም። አባቴ ደጋጋ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልጁ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ሴት አለቀሰ አሉ። እንደ ሰው አለቀሰ ቢሉ ምን ነበረበት።

ቤት ሲገባ ዋሸ። አባቴ ውሸት አይችልበትም፤ ያን ዕለት ግን ቻለ። ሥዕሏን እንዳያት፣ ደጋጋ ግን ለቤቱ ፈልጓት አልሰጥም እንዳለው ነገራት።

«ወጡ?» አለችው።

«ወጡ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

እናቴ ተነሣች። ታጠበች፣ ልብሷን ቀየረች፣ ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ቂርቆስ ሄዳ ተሳለመች፤ መጀመሪያ ሰሞን አባቴ እግዚአብሔርን አመሰገነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የውሸቱም ዋጋ እያደር መጣ። ልጇ በሕይወት እንዳለ አሁን በማስረጃ ታውቃለችና ትጠብቀዋለች። ለታዲዎስ ድርሻ ታስቀምጣለች፤ የማንም ልጅ ሲያልፍ አገጩን ይዛ ፊቱን ታያለች። እናቶች ልጆቻቸውን ከእኛ ደጅ ማሸሽ ጀመሩ።

ከዚያ ጣሊያኖቹ በዳገቱ ላይ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት መሥራት ያዙ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከእነዚያ ቤቶች ነው። የሙሴ ኸርማን ቤት ፈረሰ፤ ቀጥሎ የእኛም ሰፈር እንዲለቅ ታዘዘ። ሰው ዕቃውን በአህያ እየጫነ ወጣ። ጀሚላም ሄደች። እናቴ የበሩን መቃን ይዛ አልወጣም አለች። ልጁ የሚያውቀው ይህን ቤት ነው፤ ሲመጣ ማን ይቀበለዋል? አፍራሾቹ አጠገባቸው ያለውን ቤት ንደው ሲጨርሱ አንድ ወታደር በሰደፉ ወደ እነሱ አመለከተ። አባቴ ሊጎትታት ሞከረ፤ ነከሰችው። ሚስቱ ውስጥ እንዳለች ቤቱን ሊያፈርሱባት እንደሆነ ገባው።

ሮጦ ደጋጋ ዘንድ ሄደ። ሥዕሏን ይዞ ተመለሰና ፊቷ ዘርግቶ፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ልጁ አልወጣም አላት። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ያን ጊዜ የምትሞትበት መስሎት እንደነበር ነው ያወራኝ።

እናቴ አልጮኸችም። ወረቀቱን ተቀብላ መሬት ላይ አኖረችው፤ ተንበርክካ ብዙ አየችው። አባቴ የክንፋሙን አንድ ዓይን እያየች መስሎት ነበር። እሷ ግን የምታየው የሴትየዋን ክንዶች ነው። አባቴ ደጋጋ ቤት ሥዕሏን ሲያይ አላስተዋላቸውም ነበር፤ ልጁ ባይኖርም ክንዶቹ አልወረዱም፤ አንዱ እጅ የልጁን ጀርባ፣ አንዱ እጅ ጭንቅላቱን እንደያዘ ነው። ሰዓሊው ባዶውን ቦታ እስከ ጣቶቿ ድረስ በመርፌ ጭሮታል።

«ገብሬ፣ እጇን እየው» አለችው። «አልለቀቀችውም። ቀምተዋት ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። የካቲት ሳታለቅሰው የቀረችውን ሁሉ። መቃኑን ትታ ራሷ እየሄደች ወጣች፤ ቤቱ ከኋላዋ ሲፈርስ ዘወር ብላ አላየችም። ደጋጋ ግቢ ድንኳን ተተክሎ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ሬሳው በሚሆንበት ቦታ ላይ ነጠላ አንጥፋ ያቺን ሥዕል አኖረችበት። ጀሚላ ከሄደችበት በእግሯ መጣች። የረገሙትም ጎረቤቶች መጡ። እናቴ እርሟን አወጣች።

እኔ የተወለድኩት ከነጻነት በኋላ ነው። አባቴ ለሥዕሎቹ እንደገና ፍሬም ሠራላቸው፤ መጨረሻዋንም ጭምር ሰቀላት። ሙሴ ኸርማን አልተመለሰም። ኋላ፣ ሁለቱም ካረፉ በኋላ፣ አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ቤቴ መጥቶ የሽሮውን እድፍ እያየ ከንፈሩን መጠጠ፤ እነዚህ ሥዕሎች ብርቅ ናቸው፣ ሁለተኛ አይገኙም አለኝ። ለቀባሪው አረዱት። እንደማይሸጡ ነግሬ ሸኘሁት።

እናቴ ከእኔ ጋር መንገድ ስትሻገር እጄን አትይዝም ነበር። እጅ ይሾልካል ትላለች። የምትይዘው አንጓዬን ነው፣ እስኪደነዝዘኝ ድረስ። አግብቼ ወልጄ እንኳ ካዛንቺስ አደባባይ ላይ እንደዚያ ይዛ ታሻግረኝ ነበር፤ ሰው ሲያየን አፍራለሁ፣ ግን አንድም ቀን ልቀቂኝ ብያት አላውቅም።