በስተቀኝ ጥግ ያለችው ሎጎዬ

ሰቆጣ ውስጥ ፊልም በቪዲዮ ቤት በሚታይበት ዘመን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ለፊልሙ ብዙም ግድ አልነበረኝም። የምወደው ከፊልሙ በፊት የሚመጣውን ነው። ጨለማ ውስጥ መሬት ትሽከረከራለች፣ መብረቅ ይመታታል፣ ከበሮ እየተደለቀ የአከፋፋዩ ስም በወርቅ ፊደል ይወጣል። የካሴቱ ጊዜ አልፎ ሲዲ ሲመጣ የአማርኛ ፊልም አከፋፋዮች በዙና እያንዳንዱ የራሱን ሎጎ ይዞ ብቅ አለ፤ አንዱ ንስር፣ አንዱ ጋሻ፣ አንዱ ደግሞ እስካሁን ምንነቱ ያልገባኝ የሚዞር ነገር። አርፍዶ የገባ ሰው «ምን አመለጠኝ?» ሲለኝ «ሎጎው» እለዋለሁ፣ ከልቤ አዝኜለት። ሰዉ የማሾፍ ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ካሜራ ገዝቼ ሰርግ መቅረጽ ስጀምር ከሰርጉ በፊት የሠራሁት ሎጎውን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬ የማንንም አልኮረጅኩም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን መሬቷንም መብረቁንም ወስጃለሁ። የእኔ የሆነው ስሜ ብቻ ነው፣ ከነአባቴ ስም። መሬቷ ሦስት ጊዜ ዞራ ስትቆም ስማችን ከሥሯ ይወጣል። አንዲት ሙሽራ ቪዲዮዋን ከፍታ ብትጠብቅ ብትጠብቅ «እኔ ሳልመጣ ሰርጌ አለቀ እንዴ?» ብላኛለች።

በዚያ በበቃኝ ጥሩ ነበር። ሱቆቹ የሰው ሥራ እያባዙ ይሸጣሉ ሲባል ሰማሁና ሌባ ፈራሁ። ሎጎዬን አሳንሼ ከምሠራው ቪዲዮ ሁሉ በስተቀኝ ከታች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለጠፍኳት። አሳነስኩ የምለው እኔ ነኝ። ስክሪኑን ሩብ ያህል ትይዝ ነበር።

ታዲያ እህቴ ተዳረች። የሙሽራ ወንድምም ካሜራማንም መሆን አይመችም፤ እንግዳውን ማን ያስተናግድ? ካሜራውን ከፍ ያለ ካብ ላይ አቁሜ ወደ ዳሱ አዞርኩትና ስሮጥ ዋልኩ። አባቴም የሙሽራ አባት ነውና እንደ ሰው አልተቀመጠም። ከጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የመጡ ዘመዶች ስለነበሩ፣ እነሱን ለመቀበል መግቢያው ምሰሶ ሥር በርጩማ ስቦ ዋለ። ምሰሶው ደግሞ በካሜራው ዓይን በስተቀኝ ከታች ነበር።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ያለን ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ተከሶ ፍርድ ቤት የቀረበ ነው የሚመስለው። በቀደም እናቴ «ያን የሰርግ ቪዲዮ ክፈትልኝ እስቲ። የዚያን ቀን እንደሳቀው ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። ሲዲውን ወደ ስልኬ አስገልብጬ ከፈትኩላት። ዳሱ አለ፣ ሙሽራዋ አለች፣ በሰዉ ድምፅ ፋንታ የጫንኩበት ዘፈን ይሰማል፣ እንግዳው ይገባል። የሚገባው ሁሉ ወደ ሎጎዬ ጎንበስ ይልና መሬቷን ጉንጭ ለጉንጭ እየሳመ ያልፋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እናቴ ግን በጣቷ ስክሪኑን እየገፋች «ይህችን ነገር ወዲያ አድርጋት» አለችኝ፤ አልሄድ ስትላት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አጉረመረመች።

ሰርጉ የተቀረጸበት የካሜራው ካሴት ላይ ደግሞ በሳምንቱ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ። ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ያልታየኝ ሁሉ አሁን ታየኝ።

አንድ ተስፋ ቀረኝ። ሎጎዋን ጥጉ ላይ ሳልለጥፍ በፊት፣ የመጀመሪያው ሲዲ በሌላ ማጫወቻ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ገበያው ውስጥ ፊልም የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ወስጄው ነበር። እንዳይቀዱብኝ ብዬ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ስጠብቅ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሲዲውንም ሌባ እንዳያገኘው ብዬ ያኔውኑ ሰብሬ ጣልኩት። ሱቃቸው ዛሬ የሞባይል ቀፎ ይሸጣል፤ እሳቸው ግን አሉ።

«ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ የእህቴን ሰርግ ሰርቀውኛል አይደል?»

«ወላሂ! እጄን አላስነካሁትም!»

«ምነው በሰረቁኝ!»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ተነስተው የድሮ ሲዲ የታጨቀባቸውን ካርቶኖች አንድ በአንድ አብረውኝ ገለበጡ። የቀረ የለም፣ ንስሩም ጋሻውም ወጣ። የእኔ የለም። «ልጄ፣ ያንተንማ ማን ይሰርቀዋል» አሉኝ ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ «መሬቷ ዞራ እስክትቆም ሰው ይተኛል እኮ።»

ወደ ቤት ተመለስኩ። «እማ፣ አልተገኘም። የሸፈንኩት እኔው ነኝ» አልኳት። ጨነቀኝና «ደግሞ እኮ የሸፈነው የራሱ ስም ነው፤ ይኸው፣ እዚህ ጋ ተጽፏል» አልኩ።

«ስሙንማ አንተን በጠሩህ ቁጥር እሰማው የለ?» አለች። «የጠፋብኝ ሳቁ ነው። እንዴት ነበር የሚስቅ? አንተ እንኳ ንገረኝ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያን ቀን ስሮጥ በአጠገቡ ስንትና ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ካሜራው ያየዋል ብዬ፣ አንድም ጊዜ ቆሜ አላየሁትም።