ጉርሻ የተከለከልኩበት ቤት

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይመስገን። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። ባለፈው እሑድም ተነሥቼ ነበር፤ «ሰዓቱ ሄዷል አዴ፣ በሚቀጥለው» ተብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ዛሬ ግን አልቀመጥም። የቸኮለ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ሲወጣ ግን ደረጃውን ልብ ብሎ ይየው። ወደ ደረጃው እመለሳለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ቡራዩ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ፣ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ያቆምኩ ሴት ነኝ። የማታውቁኝም ስለ ጠበኛነቴ ሰምታችኋል። ገበያ ላይ ቁና ሲጎድል ዝም አልልም፤ የሰው ቁና ቢሆንም ዝም አልልም። ጌታን ከማወቄ በፊት ፍርድ ሲጓደል ባየሁ ቁጥር በጃንሆይ ስም እየማልኩ መንገደኛ አስቆም ነበር። አሁን መማሉን ትቻለሁ። ማስቆሙን አልተውኩም።

የልጅ ልጄን ታደሰን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ገፈርሳ በኩል ባሕር ዛፍ እየመለመለ ይተዳደር ነበር። ገመድ ይዞ ሲወጣ ጓደኞቹ ጦጣ ነው ይሉታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የያዘው ቅርንጫፍ ተገነጠለና በጀርባው ወደቀ። በቃሬዛ አመጡልኝ። እግሩን ቆነጠጥኩት፤ አልተሰማውም። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከርሞ ከርሞ «አከርካሪው ውስጥ ያለው ሰረሰር ተጎድቷል፤ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቡት» አሉን። እንዴት አድርጌ እንደምንከባከበው የነገረኝ ግን የለም።

ሱሉልታ ቃልቻ ዘንድ ሄድኩ። «ቀይ በግ አምጪ» አለኝ፤ ወሰድኩ። «ነጭ ነበር መሆን ያለበት» አለኝ፤ ነጭ ወሰድኩ። «የጎረቤት ዓይን ነው» አለ። «የየትኛው ጎረቤት?» ስለው እጁን ወደ በጉ ገመድ ሰደደ። እኔ ስም ሳይጠራ የሚከስ ሰው አልወድም። ነጩን በግ እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እንግዲህ እኔው አስታመምኩት፤ አገራችን በሚያውቀው መንገድ። ታቀፍኩት፣ አጠብኩት፣ አጎረስኩት። ጠያቂው ሁሉ እየመጣ ያለቅስለታል፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ ያጎርሰዋል። ጉርሻ ፍቅር አይደለም? ልጁ ግን እየከሳ፣ እየዘጋን ሄደ። መቀመጫው ቆሰለ። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ የሰው ማልቀሻ ሆንኩ። በቃ ተዪኝ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልሙት ማለቱ ነው። ገብቶኛል።

ያኔ ነው ሰበታ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን ተቀብሎ እንደሚያሠለጥን የሰማሁት። በጭነት መኪና ጭኜ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ደህና ነው። እግሩን በመርፌ ጫፍ እየነካካ «እዚህ? እዚህስ?» ይለዋል። «ዶክተር፣ ይራመዳል?» አልኩት።

«አላውቅም፣ እማማ። የተጎዳ ሰረሰር መልሶ የሚያድን መድኃኒት በዓለም ላይ እስካሁን አልተገኘም። እየፈለግን ነው። ቁስሉ ለምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚከለከል ግን ከበሽተኞቻችን እየተማርን ነው።»

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አላውቅም ለመባል ነው ብዬ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ከወደቀ ጀምሮ ያልዋሸኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። «እንግዲያው ስማ» አልኩት። «ከልጄ ገላ የምትማር ከሆነ ቀድመህ እሱን ጠይቅ፣ እኔን አይደለም። የተማርከውም ነገር ለባለመሬት ልጅ ብቻ ሳይሆን ለጭሰኛም ልጅ ይድረስ።» «እሺ፣ እማማ» አለና ታደሰን ጠየቀው። ታደሰም ፈቀደ። ከወደቀ ወዲህ ሰው ፈቃዱን ሲጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ።

አሁን ወደ ጉርሻው ልምጣ። ምሳ መጣ። ጠቅልዬ ወደ አፉ ስሰድ ሲስተር አልማዝ የምትባለው ነርስ እጄን ያዘችው።

«እማማ፣ እጁ ምን ሆነ?»

«እጁማ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ያጎርሱታል?»

«ያሳደግኩት ልጅ ነዋ! አንቺ እናት የለሽም?»

«አለችኝ። እርስዎ ሳህኑን እዚያ ያስቀምጡና ይውጡ።»

እዚያ ያለችው ከአልጋው ራቅ ያለ ጠረጴዛ ነው። ቀና ብሎ ካልተቀመጠ አይደርስበትም። ከአልጋው በላይ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ እሱን ይዞ ቀና ይበል አለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኔን ያጣላኝ ግን መከልከሉ ነው። ሰበታ እስኪሰማ ጮኽኩ። ታደሰም «እማዬን አታስወጧት» አለ። ወጣሁ፤ አስወጡኝ። በመስኮት ሳየው ሳህኑን እያየ ተኝቷል። እራቱንም አልበላም። እስካሁን የምለው ነገር አለኝ፦ በደግ ቃል ልትነግረኝ ትችል ነበር። ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ።

በማግስቱ ምሳም እንደዚያው ሆነ። በረንዳው ላይ ኦቦ ዱጋሳ የሚባል በሽተኛ ቅርጫት እየሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል። ከጋሪ ወድቆ እሱም ከወገቡ በታች አይሰማውም። መዝሙሩ አበሳጨኝ።

«ኦቦ፣ ምን አግኝተህ ነው የምትዘምረው? በሰፈራችን የሰው ዛፍ እየቆረጠ የሚሰርቅ አንድ ሰውዬ አለ፤ ዛሬም በሁለት እግሩ እየሮጠ ይሰርቃል። የእኔ ልጅ ሠርቶ ሲበላ ወደቀ። ይሄ ፍርድ ነው?»

«አይደለም፣ አዴ» አለኝ።

ይከራከረኛል ብዬ ነበር። «እና ምን ያዘምርሃል?»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ለራሱ ለጌታ ይንገሩት። እኔም ስከሰው ከርሜያለሁ፤ አላባረረኝም።» ቅርጫቱን አስቀመጠ። «ኢየሱስም እኮ በሐሰት ምስክር ተፈርዶበት የሞተ ነው። ፍርድ ሲጣመም ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ አዴ። እርስዎ በግ የጎተቱለት ቃልቻ ያውቃል?»

የበጉን ወሬ ማን እንደነገረው እንጃ። ታደሰ ሳይሆን አይቀርም።

ከልብስ ማስጫው ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ያለኝን ክስ በሙሉ ለጌታ ነገርኩት፤ ዛፉን፣ ሌባውን፣ ሆስፒታሉን፣ ሲስተር አልማዝን ሳይቀር። ወገኖቼ፣ ሰማይ አልተከፈተም። ብርሃን አየሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ቆሜ የጀመርኩትን ክስ ስጨርስ ተንበርክኬ ነበር። ራሱ የተበደለ ዳኛ ፊት በሕይወቴ ቀርቤ አላውቅም። እዚያው አመንኩት። ክብር ለስሙ ይሁን።

ስመለስ በመስኮቱ አየሁ። ታደሰ ገመዱን በሁለት እጁ ይዟል። ያ ዛፍ የሚወጣበት ክንድ ከነጉልበቱ አለ። እኔ ሳጎርሰው አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ራሱን ስቦ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ወደ ጠረጴዛው ዘመመ፣ ሳህኑን ጎትቶ በላ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እማዬ፣ እዚያ ቆመሽ ከምታለቅሺ ወጥ ጨምሪልኝ» አለ።

ጌታ ይመስገን። እኔ ፈውስ የምለው ይህንን ነው። ቁስሉም ዳነ። ከብስክሌት ጎማ የተሠራ ወንበር ሰጡት። ዛሬ በራችን ላይ ተቀምጦ ለዛፍ ቆራጮች መጋዝ ይስላል፤ ቂጣ ቆርሶ ለእኔ የሚያካፍለኝ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ እናንተ። እዚህ ጸሎት ቤት ስንመጣ አንድ እንግዳ ሰባኪ ታደሰን «ተነሥ!» ብሎ ክንዱን ጎተተው፤ ወደቀ። «እምነት ጎድሎ ነው» አለን። የማን እምነት? በምን ቁና ሰፍሮት ጎደለ? ያን ቀን ከእናንተ «ተው» ያለው የለም። ጌታ ነገ ቢያስነሣው እልል የምል እኔ ነኝ። ባያስነሣውም ታደሰ ጎደሎ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ አራት ጎረምሶች ከነወንበሩ አንሥተው እንደ ሬሳ ደረጃውን ያስገቡታል። መሬቱን ደልድለን ደረጃውን ተዳፋት እናድርገው ብዬ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። «አዴ፣ በፍቅር ነው የምንሸከመው፤ በረከታችንን አይውሰዱብን» አሉኝ። ይህቺን ነገር አውቃታለሁ። ጉርሻ ናት። እኔም በፍቅር እያጎረስኩ ልገድለው ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ኢየሱስ ያመጡትን ሽባ አነበበልኝ። ደግ። እነዚያ ለአንድ ሰው ብለው የሰው ቤት ጣራ ቀደዱ። እናንተ የራሳችሁን ደረጃ መናድ አቃታችሁ። ደግሞም ያ ሰው ሲወጣ የተሸከመው የለም።

ዛሬ ታደሰ አልሸከምም ብሎ ውጭ ቀርቷል። በመስኮቱ እየሰማን ነው።

«ታደሰ፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ እማዬ። አሳጥሪው፣ ፀሐይ መታኝ።»

ሰማችሁት። እንግዲህ ጨርሻለሁ። እዚህ መካከል ተበድያለሁ፣ እግዚአብሔርም ረስቶኛል የሚል ሰው ካለ ሄዶ ለራሱ ይንገረው። እኔን ያህል ተናጋሪ ችሏል፤ እናንተንም ይችላል። እመኑት። ጌታን አምነናል የምትሉት ደግሞ ስትወጡ ግድግዳው ላይ አካፋና ዶማ አስደግፌያለሁ። የሚቀጥለው እሑድ ልጄ በገዛ እጁ ጎማውን እየገፋ ይገባል። አለዚያ እኔም ከእሱ ጋር ከመስኮቱ ውጭ ነኝ፤ ድምፄ ደግሞ ውስጥ ድረስ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

ጌታ ይባርካችሁ። ትልቁ አካፋ ለሽማግሌዎቹ ነው።